«መጫረት» ወይስ «ዋጋ መስጠት»?
በኢንተርኔት የሆቴል ክፍል ስለሚገዛበት ስልት የአማርኛ ስያሜ

ሀ. የጥያቄው አመጣጥ

ለተጓዦች የሚዘጋጁ የአማርኛ መመሪያዎችን በማረም ላይ ሳለን «ለሆቴል ክፍል በኢንተርኔት ይጫረቱ» የሚል ዐረፍተ ነገር አጋጠመን። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ቃላቱም ለማንኛውም የጋዜጣ አንባቢ የታወቁ ናቸው። ተርጓሚው በባዕድ ቋንቋ ያገኘውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ በአቻው ተክቶታል፤ ከዚህም በላይ ልንጠይቀው የሚገባ አይመስልም ነበር። ዳሩ ግን መመሪያውን የሚያነብ ሰው በዚህ ቃል ተመርቶ ምን ያደርጋል ብለን በጠየቅን ጊዜ፣ ትርጉሙ አንባቢውን ወደ ኪሳራ ሊመራው እንደሚችል ተገነዘብን።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የዚያን ዐረፍተ ነገር ምርመራ ነው። ምሳሌዎቻችንን በብዛት የወሰድነው ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ዞን ሲሆን ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች፣ በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ፣ በዩኒቨርሲቲዋና ወደ ዶርዜ በሚወጣው መንገድ የተነሣ ብዙ እንግዳ የምታስተናግድ ከተማ ስለ ሆነች፣ ማረፊያን የሚመለከቱ ቃላት በየቀኑ ይነገሩባታል። ሁለተኛ፣ በአካባቢው ገበያዎች በጋሞኛ፣ በዘይሴኛና በሌሎች ቋንቋዎች አፋቸውን የፈቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው በአማርኛም ይገበያያሉ። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ቃል ቋንቋውን በሁለተኛ ደረጃ ለተማረ ሰው ግልጽ መሆን አለመሆኑ የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው።

ለ. የሚሰየመው ነገር ምንድር ነው?

ስያሜ ከመፈለግ በፊት የሚሰየመውን ነገር ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፕራይስላይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ገዢው ራሱ ዋጋውን የሚናገርበትን የሽያጭ ስልት በኢንተርኔት አቀረበ። በዚህ ስልት ተጓዡ የሚሄድበትን ከተማ፣ ከከተማውም ውስጥ የሚፈልገውን አካባቢ፣ የሆቴሉን የኮከብ ደረጃና የሚያድርባቸውን ቀኖች ይመርጣል። ከዚያም «ለአንድ ሌሊት የምከፍለው ይህን ያህል ነው» ሲል ዋጋውን ይጽፋል፤ የክሬዲት ካርዱንም ቁጥር አብሮ ይሰጣል። የሆቴሉ ስም ግን አይነገረውም። በዚያ ዋጋ ክፍል ለመስጠት የሚፈቅድ ሆቴል ከተገኘ ገንዘቡ ወዲያውኑ ከካርዱ ላይ ይወሰዳል፤ ስሙ የሚገለጽለትም ከዚህ በኋላ ነው። ግብርና የአገልግሎት ክፍያ በጻፈው ዋጋ ላይ ይታከላሉ። መሰረዝ፣ መለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስ አይፈቀድም። ዋጋው ተቀባይነት ካጣ ደግሞ ተጓዡ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ዋጋ ለመድገም አንድ ቀን መቆየት፣ አለዚያም ከምርጫዎቹ አንዱን፣ ይኸውም አካባቢውን፣ ኮከቡን ወይም ቀኑን መለወጥ ነበረበት።

ሆቴሎች ይህን የፈቀዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዛሬ ማታ ባዶውን ያደረ ክፍል ነገ ሊሸጥ አይችልም፤ የዛሬው ሌሊት ገቢ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ሆቴሉ ዋጋውን በአደባባይ ቢቀንስ፣ በሙሉ ዋጋ ለመክፈል የተዘጋጀው እንግዳ ሁሉ ቅናሹን ይጠይቃል። ስለዚህ ስሙን ሰውሮ፣ ስም ሳይመርጥ በርካሹ ለማደር ለፈቀደው እንግዳ ብቻ ይሸጣል። ተጓዡ ምርጫውን ሰጥቶ ቅናሽ ያገኛል፤ ሆቴሉም ቅናሽ ሰጥቶ ስሙን ይጠብቃል።

ኩባንያው ይህን ስልት ለአውሮፕላን ቲኬት እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሞታል፤ በኋላም ለሆቴል ትቶታል። የሆቴሉን ስም ሰውሮ በቅናሽና በማይመለስ ክፍያ መሸጥ ግን ዋጋው አስቀድሞ ተወስኖ በሚቀርብበት መልክ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚህም ሌላ የመዝናኛ ቆይታን ለብዙ ተወዳዳሪዎች አቅርበው ለከፍተኛው ዋጋ ሰጪ የሸጡ ድረ ገጾች ነበሩ። መዝገበ ቃላት የቆመውንም የቀጠለውንም ስለሚመዘግብ፣ ተርጓሚው ሦስቱን ለይቶ የሚጠራበት ቃል ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ስልት በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ውጭ አገር ያለች እኅቷን ለመጠየቅ ከጨንቻ የተነሣች አንዲት መምህርት «ይጫረቱ» የሚለውን መመሪያ አነበበች እንበል። ጨረታ ማለት ለእርሷ ብዙዎች የሚወዳደሩበት ነገር ነውና፣ የእርሷ ዋጋ የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው እንደማይሆን ታስባለች፤ ዋጋዋን የምትጽፈው ለሙከራ ያህል ነው። ካልወደደችውም የምትተወው ይመስላታል። ወዲያው ግን ገንዘቡ ተቈርጦ፣ ከእኅቷ ቤት በራቀ ሰፈር የሚገኝ የማታውቀው ሆቴል ስም ይወጣላታል። ይህ ጉዳት የደረሰባት እንግሊዝኛ ባለማወቋ አይደለም፤ አማርኛ በማወቋ ነው።

ሐ. ሐራጅ፣ ጨረታ፣ ድርድር

አማርኛችን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያቀርባቸው ሦስት የታወቁ ቃላት አሉ። እያንዳንዱን እንመልከት።

«ሐራጅ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ዕቃው ወይም ቤቱ ታውቆ፣ ገዢዎች ተሰብስበው ዋጋ እያበለጡ የሚገዙበትን ሽያጭ ያመለክታል። በሕግ ቋንቋ በተለይ የሚሰማው በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሚፈጸም ሽያጭና ለባንክ በመያዣነት የተሰጠ ንብረት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በሚሸጥበት ጊዜ ነው። ቃሉ የተበዳሪ ንብረት መሸጥን ስለሚያስታውስ የሐዘን ጥላም አለበት። ለሆቴል ክፍል «በሐራጅ» ቢባል፣ አንባቢው ሆቴሉ በዕዳ ተይዟል ብሎ ሊረዳ ይችላል።

«ጨረታ» ሰፊ ነው። ለሽያጭም ለግዥም፣ ለግልጹም በታሸገ ኤንቬሎፕ ለሚቀርበውም፣ ለመሬት ሊዝም ለውጭ ምንዛሪም ያገለግላል። ነገር ግን ከስፋቱ ጋር አንድ የማይለቀው ትርጉም አለው፤ እርሱም ፉክክር ነው። ይህ በግሱ ቅርጽ ላይ ይታያል። «ተጫረተ» እንደ «ተጋደለ»፣ «ተፋረደ»፣ «ተዋጋ» በ«ተ» የሚጀምርና ከመጀመሪያው ሥር ፊደል በኋላ የ«ኣ» ድምፅ የሚሰማበት ነው። ይህ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ድርጊቱ በሁለት ወይም በብዙ ሰዎች መካከል እንደሚፈጸም ይናገራል። ብቻውን የተጋደለ እንደሌለ ሁሉ ብቻውን የተጫረተ የለም። ባለ ንብረቱም ከተጫራቾቹ ውጭ የቆመ «አጫራች» ነው። በእኛ ስልት ግን ተጓዡ ከሌላ ተጓዥ ጋር አይወዳደርም፤ የእርሱ ዋጋ የሚመዘነው ሆቴሉ በልቡ ከያዘው ዋጋ ጋር ነው።

ከቅርጹ ሌላ የጨረታ ልማድም ያሳስታል። የመሥሪያ ቤት የጨረታ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ሁሉ «የጨረታ ማስከበሪያ» የሚባለውን ያውቃል፤ ያላሸነፈ ተጫራች ያስያዘው ይመለስለታል። ማስታወቂያው «ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» በሚለው የታወቀ ሐረግ ይዘጋል። ስለዚህ ጨረታ በአንባቢው አእምሮ ማመልከትን፣ መጠበቅን፣ ውጤት መስማትን ያስከትላል። በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ግዥን አያስታውስም።

«ድርድር» ደግሞ ንግግር ነው። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፣ መካከል ላይ ይገናኛሉ። በአርባ ምንጭ ሲቀላም ሆነ ሴቻ በአንድ ፔንሲዮን መስኮት ፊት የቆመ እንግዳ «ሦስት ቀን ነው የማድረው፣ ቀንሱልኝ» ሲል ይደራደራል። ተረኛው «ለባለቤቱ ልደውል» ይላል፤ እንግዳው «የመጨረሻውን ንገረኝ» ይላል። ከዚህ ላይ ሁለቱም አፍ አላቸው። በኢንተርኔቱ ስልት ግን አንዱ አንድ ጊዜ ይናገራል፣ ሌላው «እሺ» ወይም «እንቢ» ይላል፤ መልስ ሰጥቶ መካከል ላይ መገናኘት የለም። ስለዚህ ድርድርም አይሆንም።

መ. ከገበያ የሚገኘው ቃል

ሦስቱ ቃላት ካልተስማሙ አዲስ ቃል እንፍጠር ወይ? የቃል ፈጠራ ሥራ ክቡር ቢሆንም፣ በአፍ ላይ ያለው ቃል ሳይመረመር ሊጀመር አይገባም። እኛም ከመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ወጥተን ወደ ገበያ ስንሄድ የሚከተለውን ልዩነት እናገኛለን።

በአማርኛ የገበያ ንግግር የሚሸጥ ሰው ዋጋ ይጠራል፤ የሚገዛ ሰው ዋጋ ይሰጣል። ጋቢውን ዘርግቶ የቆመ የዶርዜ ሸማኔ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢዋም ለጓደኛዋ «ብዙ ጠራብኝ» ትላለች። በከብት ተራ ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከገዢው ወገን ይነሣል። በሬውን የሚያይ ሁሉ እየቀረበ ዋጋ ይሰጣል፤ ኋላ የመጣውም ባለ በሬውን «ስንት ተሰጠህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም የተሰጠውን ይናገራል፤ «ተሰጥቶኝ እንቢ ብያለሁ» ይላል። ገዢው በሰጠው ዋጋ ሻጩ «እሺ፣ ውሰድ» ካለ ግን ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ «ለወሬ ያህል ነው የሰጠሁት» የሚል ሰው በገበያው ፊት ያፍራል።

የምንፈልገው ትርጉም በዚህ ውስጥ ተሟልቶ ይገኛል። ዋጋውን የሚናገረው ገዢው ነው፤ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ሻጩ ነው፤ ሻጩ ከፈቀደ ገዢው ወደ ኋላ አይልም። ተወዳዳሪ መኖሩም አለመኖሩም ትርጉሙን አይለውጠውም። ስለዚህ «ዋጋ መስጠት» ለስልቱ መሠረት እንዲሆን እንመርጣለን።

ሌሎች ሁለት ሐረጎች ተመዝነው ቀርተዋል። «ዋጋ መጥራት» የሻጭ ድርጊት ስለ ሆነ፣ ስሙም «ጥሪ» ሲሆን ከ«ጨረታ ጥሪ» ጋር ስለሚጋጭ አልተመረጠም። «ዋጋ ማቅረብ» መልካም መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በመሥሪያ ቤት የግዥ ቋንቋ «ዋጋ አቅራቢ» የሚባለው ዕቃውን ሊሸጥ የመጣው ነጋዴ ነው። ይህን የለመደ አንባቢ ገዢና ሻጩን ያለዋውጣል።

«ዋጋ መስጠት» ማክበርን፣ ከፍ አድርጎ መመልከትንም ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ «ለትምህርት ዋጋ ይሰጣል» እንላለን። ይሁን እንጂ ይኸኛው ሁልጊዜ «ለ» የሚለውን መስተዋድድ ይዞ ስለ ከበሬታ ሲነገር፣ የገበያው በብር ቍጥር ይታጀባል። በመመሪያ ጽሑፍ ደግሞ ሐረጉን «ዋጋ ሰጥቶ መያዝ» ብለን ስናሟላው ጥርጥሩ ይወገዳል።

ሠ. «አልጋ»፣ «ክፍል»፣ «ሆቴል»

ዋናው ግስ ከተገኘ በኋላም ተርጓሚው በዙሪያው ካሉት ስሞች ይጠንቀቅ። በአርባ ምንጭ ማታ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ «ክፍል አለ?» አይልም፤ «አልጋ አለ?» ይላል። በዚህ አነጋገር አልጋ ማለት ክፍሉ ነው። «አልጋ ሞልቷል» ሲባልም የቀረ ክፍል የለም ማለት ነው። በቅጽ ላይ ግን አልጋና ክፍል በየራሳቸው ሣጥን ይጠየቃሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ለማደር ያሰቡ አራት ሰዎች «ሁለት አልጋ» ብለው ቢሞሉ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ሊሰጣቸው ይችላል። ክፍያው በማይመለስበት ጊዜ ስሕተቱ በገንዘብ ይቈጠራል። ስለዚህ በመመሪያና በቅጽ ላይ ሁልጊዜ «ክፍል» እንዲባል፣ «አልጋ» ለመኝታው ዕቃ ብቻ እንዲቀር፣ በንግግር ግን የሕዝቡ አጠራር እንዳይነቀፍ እንመክራለን።

«ሆቴል»ም እንዲሁ። በብዙ ከተሞቻችን ሆቴል ምግብ የሚበላበት ቤት ሲሆን ማደሪያ ላይኖረው ይችላል። ማደሪያ ብቻ የሚሰጠውና ዋጋው መጠነኛ የሆነው «ፔንሲዮን» ይባላል። «ሎጅ» እና «ሪዞርት» ደግሞ ሐይቁንና ደኑን ተመልክተው ለተሠሩት ከፍ ያሉ ማረፊያዎች ተይዘዋል። በመጠነኛ ዋጋ የሚታደርበትን ስፍራ «ርካሽ ሆቴል» ብሎ መተርጐም የማረፊያውን ዐይነት ያደናግራል፤ «ርካሽ» የሚለውም ቃል ዋጋን ብቻ ሳይሆን ጠባይንና ጥራትን ስለሚነካ ባለቤቱን ያስቀይማል። «መጠነኛ ዋጋ ያለው ማረፊያ» ብንል አንባቢው ሳይሳሳት፣ ባለቤቱም ሳይከፋ ይረዳናል።

ረ. «መያዝ»፣ «ማስያዝ»፣ «ቀብድ»

«አልጋ ያዝኩ» ያለ ሰው ማደሪያ አግኝቷል፤ «አልጋ አስያዝኩ» ያለው ገና አልደረሰም፤ እንዲቈይለት ነግሯል። በዩኒቨርሲቲው የምረቃ ሰሞን ወይም በመስቀል ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ያስይዛል፤ ካልተመቸው ደውሎ ይተወዋል። እንግዲህ «ማስያዝ» የመተውን መንገድ ክፍት ያደርጋል። በእኛ ስልት ይህ መንገድ ዝግ ስለ ሆነ «ዋጋ ሰጥቶ ማስያዝ» ሳይሆን «ዋጋ ሰጥቶ መያዝ» ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከካርዱ ላይ የሚወሰደውን ገንዘብ «ቀብድ» ብለው የተረጐሙም አጋጥመውናል። ቀብድ ግን በገበያም በሕግም የታወቀ ቦታ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1883 እስከ 1885 ስለዚሁ ይደነግጋል። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቅቆ ከውሉ ሊወጣ ይችላል፤ የተቀበለውም ሊወጣ ቢፈልግ እጥፉን ይመልሳል። ከዚህ የምንረዳው ቀብድ የዋጋው ከፊል መሆኑን፣ ለሁለቱም ወገን መውጫ በር መሆኑንም ነው። የኢንተርኔቱ ክፍያ ግን ሙሉ ዋጋ ነው፤ ለከፋዩ መውጫ የለውም። «ቀብድ» ያለ ተርጓሚ አንባቢው የሌለውን መብት እንዳለው እንዲያምን ያደርገዋል። ትክክለኛው «የማይመለስ ሙሉ ክፍያ» ነው፤ ረዥም ቢሆንም አይዋሽም።

የቀን አጻጻፍም ከዚሁ ይቈጠራል። መስቀል መስከረም 17 ቀን ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 27 ይውላል፤ ከጳጉሜን 6 ቀን በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ሴፕቴምበር 28 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር። በልማድ 27 ብሎ የሞላ ሰው አንድ ሌሊት ቀድሞ ይገዛል፤ ዕለቱንም የመለወጥ መብት የለውም። ስለዚህ ተርጓሚው በመመሪያው ላይ ሁለቱንም ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ ይጻፍ። ሰዓትንም እንዲሁ፤ «እስከ 6 ሰዓት ክፍሉን ይልቀቁ» ሲል የቀኑ 6 ሰዓት፣ ይኸውም እኩለ ቀን መሆኑን ይግለጽ።

ሰ. ማጠቃለያ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉትን እናቀርባለን።

1. ብዙ ገዢዎች ተወዳድረው ከፍተኛው ዋጋ ሰጪ ክፍሉን የሚያገኝበት ሽያጭ «ጨረታ» ይባል፤ ቃሉ በዚህ ቦታ ትክክለኛ ነው።

2. ገዢው ብቻውን ዋጋ ጽፎ፣ ሆቴሉ ከፈቀደ ወዲያው ግዥው የሚጸናበት ስልት «ዋጋ ሰጥቶ መያዝ» ይባል፤ ድርጊቱን የሚፈጽመውም «ዋጋ ሰጪ» ይሁን። «ተጫራች» አይባል።

3. ዋጋው አስቀድሞ ታውቆ ስሙ ከክፍያ በኋላ የሚነገረው «ስሙ ያልተገለጸ ማረፊያ» ይባል።

4. «ቀብድ» እና «ማስያዝ» መውጫ ላለው ስምምነት ብቻ ይዋሉ፤ መውጫ ለሌለው «የማይመለስ ሙሉ ክፍያ» ይባል፤ ይህም ሐረግ በመመሪያው ግርጌ ሳይሆን ዋጋው ከሚጻፍበት መስመር በላይ ይቀመጥ።

የመጀመሪያውንም ዐረፍተ ነገር እንዲህ አርመነዋል፤ «ሊከፍሉ የሚችሉትን ዋጋ ይስጡ፤ ሆቴሉ ከተቀበለ ክፍሉን ገዝተዋል፤ ገንዘቡም አይመለስም።» ከቀድሞው ይረዝማል፤ የተርጓሚውንም ጥበብ እምብዛም አያሳይም። ነገር ግን የጨንቻዋ መምህርት አንብባው ጣቷን ታቆማለች፤ ሒሳቧን ደግማ ታያለች፤ ከዚያም ብትሰጥ ዐውቃ ትሰጣለች።

ለአዲስ ነገር ሁሉ አዲስ ቃል እንደሚያስፈልግ ብዙ ጊዜ ይነገራል። በዚህ ጉዳይ ግን ያስፈለገን ከከብት ተራ ያለውን አሮጌ ቃል መስማት ነበር። በየአካባቢያቸው ዋጋ ስለ መስጠትና ስለ መጥራት ሌላ አነጋገር የሚያውቁ አንባብያን፣ በተለይም በጋሞኛና በአጎራባች ቋንቋዎች ያለውን አቻ ሊያካፍሉን የሚችሉ ተርጓሚዎች፣ አስተያየታቸውን ቢልኩልን ለሚቀጥለው የቃላት ዝርዝር በደስታ እንቀበላለን።